ሰው መጣ ማለት ድምፅ መጣ ማለት አይደለም

ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 2004 በተካሄዱት የፕሬዚዳንት ምርጫዎች ሁሉ የሪፐብሊካኖች ነበረች። በ2008 ባራክ ኦባማ አሸነፉባት፤ ከዚያ ወዲህ በፕሬዚዳንት ምርጫ ከዲሞክራቶች እጅ ወጥታ አታውቅም። ለዚህ ለውጥ ዋና ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ወደ ሰሜን ቨርጂኒያ የጎረፈው ሕዝብ ነው።

ላውደን ካውንቲን ማየት ይበቃል። በ1990 የነዋሪዋ ቁጥር 86 ሺህ ያህል ነበር፤ በ2020ው ቆጠራ ከ420 ሺህ አለፈ። የእርሻ መሬት የነበረው አሽበርን ዛሬ በመኖሪያ ቤቶችና በግዙፍ የዳታ ማዕከሎች ተሞልቷል፤ ከ2022 ማብቂያ ጀምሮም የዋሽንግተን ሜትሮ ባቡር እዚያ ድረስ ይዘልቃል። የኮምፒውተር ባለሙያውና የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛው፣ ከሕንድም ከኤል ሳልቫዶርም የመጣው ቤት ገዝቶ ገባ። በ2004 ጆርጅ ቡሽን የመረጠችው ይህች ካውንቲ ከአራት ዓመት በኋላ ድምፅዋን ለኦባማ ሰጠች። ወደ አሌክሳንድሪያ ዝቅ ሲባል ደግሞ የእኛ ሰው በርክቶ የከተማው አስተዳደር ለነዋሪው መረጃ በአማርኛም ያወጣል።

ይህን ያዩ ፖለቲከኞች የስቴቱ ዕጣ በሕዝብ ቆጠራ ተወስኖ ያለቀ ይመስላቸዋል። ይህ ጋዜጣ አይስማማም።

ጆ ባይደን በ2020 ቨርጂኒያን በ10 ነጥብ ልዩነት ወሰዱ። በዓመቱ ሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ። በአንድ ዓመት የተለወጠ ሕዝብ አልነበረም፤ የተለወጠው የወላጆች ስሜት ነው፤ በትምህርት ቤቶች ጉዳይ የተነሳው ቁጣ ላውደንን ራሷን አናውጧት ነበር። በዚያው ምርጫ የባይደን አስተዳደር በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ላይ በያዘው ፖሊሲ የተከፉ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለያንግኪን ቀስቅሰዋል። በአቋማቸው መስማማትም አለመስማማትም ይቻላል፤ ድምፃቸው ግን የማንም የኪስ ገንዘብ እንዳልሆነ አሳይተዋል። በ2025 ደግሞ ዲሞክራቷ አቢጌል ስፓንበርገር አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ።

ቴክሳስም ሌላ ምስክር ናት። ከሜክሲኮ ድንበር አጠገብ ያለችው ስታር ካውንቲ ነዋሪዋ ከሞላ ጎደል ሁሉም የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያለው ነው። በ2024 ዶናልድ ትራምፕን መረጠች፤ ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት ስትመርጥ ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው። የላቲኖች ቁጥር ሲጨምር ቴክሳስ ወደ ዲሞክራቶች ታዘነብላለች ሲባል የኖረው ትንቢት እዚያው ድንበር ላይ ተሰናከለ።

ደግሞም የሚቆጠረውና የሚመርጠው አንድ አይደለም። ቆጠራው ሕፃኑንም፣ ግሪን ካርድ ያለውንም፣ የሌለውንም ይቆጥራል፤ ለየስቴቱ የፌዴራል ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ የሚደለደለውም በዚያ ነው። በ2020ው ቆጠራ ቴክሳስ 2 መቀመጫ ስታገኝ ካሊፎርኒያ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ 1 አጥታለች። በቨርጂኒያም ሆነ በቴክሳስ የምርጫ ወረቀት የሚሰጠው ግን ዜግነት ላለውና ለተመዘገበ ብቻ ነው። ለዚህ ነው የአንድ አካባቢ መልክ ከተለወጠ ብዙ ዓመት ቆይቶ ምርጫው የሚለወጠው፤ አንዳንዴም ጨርሶ የማይለወጠው።

ወጥቶ የሚመርጥ አንድ ሰው እንኳ ዋጋ አለው። በ2017 ለቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት በኒውፖርት ኒውስ የተወዳደሩት ሁለት ዕጩዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። በተከታዩ ጃንዋሪ መጀመሪያ ስማቸው ተጽፎ ሳህን ውስጥ ገባና ዕጣ ወጣ፤ ሪፐብሊካኑ አሸነፉ፤ ፓርቲያቸውም ምክር ቤቱን 51 ለ49 ይዞ ቆየ። አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ቢመርጥ ኖሮ ዕጣ ባላስፈለገ ነበር።

ስለዚህ ሁለቱም ፓርቲዎች በስደተኛው ሰፈር ከምርጫ ሰሞን ውጭም ይታዩ፤ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ቪዛ የሚጠየቁትን ይመልሱ። ወገኖቻችንም ጊዜው የደረሰላችሁ የዜግነት ማመልከቻችሁን አስገቡ፤ ዜጎች የሆናችሁ ተመዝገቡ። ቨርጂኒያ የራሷን የስቴት ምርጫ በጎዶሎ ቁጥር ዓመታት ስለምታካሂድ፣ ፕሬዚዳንት በማይመረጥበትም ዓመት ወጥታችሁ ምረጡ።