አመዱ ለነጭ ሽንኩርቱ

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የሚጓዝ ሰው አዲስ ቅዳም ሲደርስ ዓይኑ የሚያርፈው መንገድ ዳር በተደረደረው የከሰል ጆንያ ላይ ነው። የከሰሉ ምንጭ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ነው። የአካባቢው፣ የፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬ ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፣ በማግሥቱ ዓመት ከሥሩ ሣር ያጭዳል፣ በ4ኛው ወይም በ5ኛው ዓመት ቆርጦ ያከስለዋል። በዚህ ገንዘብ ብዙ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፣ ልጅ ተምሯል። እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት የገባው በሽታ ዛፉን በቁሙ ሲያደርቀው ካየሁ ወዲህ፣ ዓመታት ተጠብቆ አንዴ የሚታፈስ ገንዘብ ብቻውን ለቤት እንደማይበቃ አመንኩ። በየዕለቱ የሚቀጠፍ ነገርም ያስፈልጋል።

ጓሮዬ 10 እርምጃ በ6 እርምጃ ብትሆን ነው። የመጀመሪያው ዓመት አንገቴን አስደፋኝ፤ ነጭ ሽንኩርቱ ቢጫ ሆነ፣ ጎመኑም ከስንዝር አላለፈም። ዘሩን ስረግም የሰሙኝ አጥር የምንጋራቸው እናት፣ «ልጄ፣ ዘሩን አትማ፤ መሬቱ ነው የታመመው። የምድጃችሁን አመድ የት ነው የምትደፉት?» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። እዚህ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ያ ሁሉ ውኃ የአፈሩን ካልሲየም እያጠበ ይወስድና መሬቱን አሲዳማ ያደርገዋል። ለሰፊ ማሳ ኖራ ይበተናል፤ ለእኔ መደብ ግን የምድጃ አመድ ከፍግ ጋር በቂ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን አመድ አይደፋም፤ ጣሳ ውስጥ ይጠራቀማል። ጎመኑ ላይ ክሽክሽ ሲወጣም ከላይ ነስነስ አደርግበታለሁ።

አሁን ማለዳ ሥራ ከመግባቴ በፊት ጓሮ እወርዳለሁ። ጤዛው ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ያርሰዋል። ጎመን የሚቀጠፈው ከታች ነው፤ የበሰለውን ቅጠል አንገቱ ላይ ይዘው ወደ መሬት ጫን ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ይላቀቃል፣ አናቱ ይቀራል፣ በሳምንቱ ሌላ ቅጠል ያወጣል። ጣቴ ላይ የሚቀረው ሽታ እስከ ረፋድ አይለቀኝም፤ ደስ ይለኛል። ቢሮ ውስጥ የሚያናድድ ነገር በገጠመኝ ቀን ደግሞ ማታ ተመልሼ አረም እነቅላለሁ። መደቡን ሳልጨርስ ንዴቱ ወጥቶልኛል።

ባለቤቴ ለጾም ጎመን ቅዳሜ ገበያ መውጣት ትታለች። የተረፈውን ለጎረቤት እንሰዳለን። ሰሃኑ ባዶውን ተመልሶ አያውቅም፤ ወይ የገብስ ቆሎ ወይ ሁለት እንቁላል ይዞ ይመጣል። ከዚህ በፊት ከእነዚህ ሰዎች ጋር ሰላምታ ብቻ ነበረን።

ትናንት የእኚያ እናት የልጅ ልጅ በሁለት እጁ ጣሳ አቅፎ በር ላይ ቆመ።

«አያቴ ነች የላከችኝ» አለ፣ እስከ ቅንድቡ አመድ ለብሶ፤ «ለነጭ ሽንኩርቱ ነው በለው ብላለች።»