ሕመሙን ያገዘፈ፣ ሕይወቱን ያቀለለ መለኪያ

የሰው ስቃይ በአንድ ቁጥር ሊለካ ይችላል፣ በጀትም በዚሁ ቁጥር ሊደለደል ይገባል የሚለው እምነት በዓለም የጤና ፖሊሲ ውስጥ ሥር የሰደደው እ.ኤ.አ. በ1993 የዓለም ባንክ ባወጣው ሪፖርት ሲሆን፣ የዚህ እምነት ዋና መሣሪያ ያለ ዕድሜ በሞት የጠፉ ዓመታትንና ከሕመም ጋር የተኖሩ ዓመታትን አንድ ላይ የሚደምር ስሌት ነው። ስሌቱ ለእያንዳንዱ ሕመም ከ0 (ሙሉ ጤና) እስከ 1 (ሞት) የሚደርስ «ክብደት» ይሰጣል።

ይህ መለኪያ ለአእምሮ ሕመም የዋለው ውለታ አይካድም፤ ሞት ብቻ ይቆጠር በነበረበት ጊዜ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተመሥርቶ ለረጅም ጊዜ የኢትዮጵያ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው የመርካቶው አማኑኤል የሚያስተናግደው መከራ በጤና ሰንጠረዦች ላይ ከነጭራሹ አይታይም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በተደረገው የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት ግን፣ ሰው የሌለ ድምፅ እንዲሰማና ከእውነታው እንዲርቅ የሚያደርገው የስኪዞፍሬኒያ ሕመም በአጣዳፊ ደረጃው 0.778 ተሰጥቶት ከሁሉም የከበደ ሆኖ ተመዘገበ።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ሕመሙ 0.778 ከከበደ፣ በዚያ ደረጃ ያለ ሰው ከሞት ቢተርፍ የሚያገኘው አንድ ዓመት በስሌቱ የሚቆጠረው 0.222፣ ማለትም ከጤነኛው ዓመት ሩብ ያነሰ ነው። የመለኪያው ጠበቆች የተመዘነው የጤና ጉድለት እንጂ የሰው ዋጋ አይደለም ይላሉ፤ ልዩነቱ በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ ትክክል ቢሆንም፣ አንድ ብር ስንት ዓመት ያድናል ተብሎ ገንዘብ ሲከፋፈል ግን ይህ ልዩነት የሚጠቅመው ሰው አይኖርም። ነገሩ ባዶ ሙግት አለመሆኑን በቡታጅራ የተካሄደ ጥናት ያሳያል፦ 919 ከባድ የአእምሮ ሕሙማንን ለ10 ዓመት የተከታተለው ይህ ጥናት፣ ሕሙማኑ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱና የሞታቸው ግማሽ ያህሉ በተላላፊ በሽታ ምክንያት እንደሆነ ደርሶበታል። በተለመደ መድኃኒት ሊድን የሚችል የሳንባ በሽታ የያዘው ሕመምተኛ፣ አስቀድሞ አእምሮው ስለታመመ ብቻ መዳኑ በስሌቱ የረከሰ ይሆናል ማለት ነው።

ክብደቶቹን የሰጠው ማን እንደሆነም መጠየቅ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተሙት ክብደቶች የተገኙት በባንግላዴሽ፣ በኢንዶኔዥያ፣ በፔሩ፣ በታንዛኒያና በአሜሪካ ነዋሪዎችን እንዲሁም በኢንተርኔት የተገኙ መላሾችን «ከእነዚህ ከሁለቱ ሰዎች የትኛው የተሻለ ጤነኛ ነው?» ብሎ በመጠየቅ ሲሆን፣ ከክፍለ ሀገር ልጇን ይዛ መጥታ፣ መርካቶ አካባቢ አልጋ ይዛ ያደረችና ካርዱን በፌስታል ጠቅልላ ወረፋ የምትጠብቅ እናት በዚህ ጥያቄ ውስጥ የለችም። የእርሷ የሥራ ቀን፣ ዕዳዋና ከጎረቤት የምትደብቀው ሐፍረት «ጤና» ስላልሆኑ ከሰንጠረዡ ውጭ ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት፣ በቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁ የሕሙማን ዘመዶች 75 በመቶ ያህሉ መገለል እንደሚደርስባቸው ተናግረው ነበር፤ ስሌቱ ግን ለአስታማሚ የሚሆን ዓምድ እስካሁን አላበጀም።