የሻለቃው ጉልበት

ለሰላም ማስከበር ሥልጠና በናይሮቢ ኢምባካሲ የሚገኙት ሻለቃ ባለቤትዎ፣ ዕድሜያቸው ከአምሳ ቢያልፍም፣ ማታ ማታ ከወጣቶች ጋር እግር ኳስ ይጫወታሉ። ለፈቃድ በመጡ ጊዜ ያበጠ ጉልበታቸውን ሲደብቁ አግኝተዋቸዋል፤ ሲጠይቋቸውም የማሞ ወልዴን ስም ጠሩ።

እውነት ነው፤ የክብር ዘበኛው ማሞ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ የማራቶን ወርቅ ሲያገኙ 36 ዓመታቸው ነበር፤ በ1972ም በሙኒክ በ40 ዓመታቸው ነሐስ አግኝተዋል። ነገር ግን በራሳቸው እርምጃ ሮጡ እንጂ ከጎረምሳ ጋር ትከሻ ለትከሻ አልተላተሙም።

በአሜሪካ አምሳ ዓመት የሞላቸው ሰዎች ለብቻቸው ሶፍትቦል ይጋጠማሉ። እ.ኤ.አ. በ1887 በቺካጎ የተጀመረ የቤዝቦል ታናሽ ነው፤ ዝግ ብሎ የተወረወረውን ኳስ በዱላ መትተው ከማረፊያ ወደ ማረፊያ ይሮጣሉ። በብዙዎቹ ውድድሮች መሮጥ ለከበደው ሰው ምትክ ሯጭ ይቆምለታል፤ ሯጩና ኳስ ያዡ እንዳይጋጩም የመጨረሻው ማረፊያ ሁለት ይሆናል። ምትክ መጠየቅ በዚያ ነውር አይደለም፤ በደንቡ ተጽፏል።

በኢምባካሲ ሶፍትቦል ይፈለግ አንልም። ከእኩዮቻቸው ጋር መረብ ኳስ ቢጫወቱ ይበቃል፤ መረቡ ባላጋራን ከባላጋራ ይለያልና። (ይህን የሚጽፈውም ቁርጭምጭሚቱ ከዞረ ወዲህ በዳኝነት ተወስኗል።) ከሁሉ በፊት ግን ጉልበቱ ለሐኪም ይታይ።

ይህን ገጽ ቆርጠው በፖስታ ይላኩላቸው፤ የጻፉልን እርስዎ መሆንዎን ግን አይንገሯቸው።