ያልቀረበ ምርመራ፦ የቆዳ ሕመምና ያልታወቀ ኤችአይቪ

አልማዝ ባለ ጭራ በራሱ ጊዜ ይደርቃል። ውኃ የቋጠረው ሽፍታ ሕክምና ባያገኝም እንኳ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይሽራል፤ ሕመሙ ግን በአንዳንዶች ላይ ይሰነብታል። ቅባት ተቀብቶም ሆነ ጠበል ተጠምቆ «ዳንሁ» የሚል ታማሚ አልዋሸም፤ ቁስሉ ድኗል። ችግሩ ግን በ30 ዓመት ሰው ላይ የወጣ አልማዝ ባለ ጭራ የሰውነት የመከላከል ዐቅም መዳከሙን ሊጠቁም መቻሉ ነው። ቁስሉ ሲደርቅ ጠቋሚው አብሮ ይጠፋል፤ ታማሚውም ተመልሶ አይመጣም።

የዓለም ጤና ድርጅት የኤችአይቪን ክሊኒካዊ ደረጃዎች ሲመድብ አልማዝ ባለ ጭራን፣ አሳካኪ የቆዳ እብጠቶችንና ከፎረፎር ጋር የሚዛመደውን የቆዳ ብግነት በ2ኛ ደረጃ፣ የሳንባ ነቀርሳን ደግሞ በ3ኛ አስቀምጧል። እንግዲህ ቫይረሱን ቀድሞ የማግኘት ዕድል ብዙ ጊዜ በቆዳ ሐኪሙ እጅ ነው።

ጭርት ወይም ቋቁቻ ያለበት ሁሉ ይመርመር አልልም። ሥርጭቱ በአዋቂዎች ዘንድ ከ1 በመቶ በታች በሆነባት ሀገራችን ያለ ምርጫ መመርመር መመርመሪያ ያባክናል፤ ከአዎንታዊ ውጤቶች መካከል የሐሰቶቹንም ድርሻ ያበዛል። ይሁን እንጂ ምርጫው በተጋላጭነት መጠይቅ ላይ ብቻ ሊመሠረት አይገባም። ተራ ጠባቂው በሚሰማበት ክፍል ስለ ወሲብ ሕይወቱ የተጠየቀ ሰው ቢክድ ምን ይደንቃል?

ምርመራ ማቅረብ ታማሚውን ያሸማቅቃል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ስጋታቸው እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ግን ዝምታ አይመስለኝም። «ይህ ሽፍታ ላለበት ሁሉ የምናቀርበው ምርመራ ነው» ማለት ማንንም ለይቶ አይጠረጥርም። ፈቃድ መጠየቅና ምስጢር መጠበቅ እንደ ተጠበቀ ነው። መድኃኒቱም በሀገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ የአንድን ሆስፒታል የቆዳ ክፍል መዝገብ ቢመረምር መልካም ነው። ከ50 ዓመት በታች ከሆኑት የአልማዝ ባለ ጭራ ታማሚዎች ምርመራ የቀረበላቸው ስንቶቹ ናቸው? የፈቀዱትስ? ሁለቱ ቁጥሮች ተለይተው ይቆጠሩ። ያልቀረበለትንና ቀርቦለት እምቢ ያለውን «ያልተመረመረ» በሚል አንድ ዓምድ ማስፈር የባለሙያውን ግድፈት ወደ ታማሚው ያዞራል።