ለአንገረብ አንድ ተማሪ

አብደራፊ ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ሰሊጥ ነው። በአካባቢው የሚፈሰውን አንገረብን የሚያነሳ ጥቂት ነው። ወንዙ ግን ወደ ሱዳን ወርዶ በአትባራ በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። የአንገረብንና የሳንጃን ዓሦች ዓይነትና ብዛት ወርዶ ያጠና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ተማሪ ነበር፤ ሥራው ቀጣይ ይፈልጋል።

በውጭ አገር የዓሣ አጥማጆች ክበቦች አባል ሲሞት በስሙ ገንዘብ አዋጥተው የወንዝና የሐይቅ ሕይወት ለሚያጠና ተማሪ ይሰጣሉ። እዚህ ለሟች ድንኳን ይተከላል፣ ተዝካር ይወጣል። ተዝካሩ ይቅር አይባልም። ነገር ግን የሰሊጥ ባለሀብቱና ዓሣ አስጋሪው በሟች ስም ጥቂት ቢያዋጡ፣ ለአንድ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመረብና የመጓጓዣ ወጪ ይሆናል።

ውኃው በበጋ ሲቀንስ ዓሣው የት ይተርፋል? ከእርሻ ታጥቦ የሚገባው ፀረ ተባይስ ምን ያደርገዋል? ዛሬ የሚጠይቅ ተማሪ ካልተላከ፣ መልሱ አንድ ቀን በባዶ መረብ ይመጣል።