የእናቴ በርበሬ

እናታችሁ ያዘጋጀችው በርበሬ ቤታችሁ ውስጥ አለ? ካለ ይህን ጽሑፍ ስትጨርሱ ደውሉላት። የእኔ እናት ካረፈች ሦስት ዓመት ሆነ። የመጨረሻው በርበሬዋ ከተዝካሯ በኋላ ጥቂት ወራት ቆይቶ አለቀ። ባልዲውን ሳጥብ ማልቀሴ ትዝ ይለኛል። አሠራሩን አልጻፍኩትም፤ አልተማርኩትምም። «ነይ አብረን እንቀንጥስ» ስትለኝ «ፈተና አለብኝ» እላት ነበር። ሁልጊዜ ግን ፈተና አልነበረብኝም።

ባለፈው የገና ባዛር መሥሪያ ቤቴ ቦታ ይዞ ስለነበር ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋልኩ። ከፊት ለፊታችን አንዲት ሴት ባልትና ትሸጣለች። ምሳ ሰዓት ላይ ሄድኩና በቁራሽ ዳቦ አዋዜ አቀመሰችኝ። አንዴ እንደጎረስኩ ደርቄ ቀረሁ። በሶብላው በዛ ያለ፣ ኮረሪማው ዘግይቶ የሚመጣ፤ አውቀዋለሁ። ቀና ስል እሷም ትክ ብላ እያየችኝ ነው።

«ሚጣዬ?» አለች።

እንደዚያ ብላ የምትጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ነበረች። ስድስተኛ ክፍል እስክደርስ ቤታችን የሠራችው፣ ጸጉሬን ሠርታ ትምህርት ቤት የምታደርሰኝ እታለም። ተቃቅፈን ገና ሳንላቀቅ ጠየቀችኝ፦ «እትዬስ? ደህና ናቸው?»

መርዶ ወግ አለው፤ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚነገረው። እኔ በባዛር ሙዚቃ መሃል ዝም ብዬ ቆምኩ። ገባት። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ዘቅዝቃ ለበሰችና በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። «ሳልቀብራቸው» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። እናቴ ስታርፍ የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ፤ ውጭ አገር ላለው ዘመድ ሁሉ ተደወለ። እታለምን ግን ማናችንም አላስታወስናትም። ድሮ አግብታ ስትሄድ «ሄደች» አሉኝ፤ የት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም።

ቀስ እያልን ስንጫወት ብዙ ነገረችኝ። በርበሬውን ያስተማረቻት እናቴ ናት። ደመወዟንም እቁብ እያስገባች ታጠራቅምላት ነበር፤ የመጀመሪያውን ጉልት የከፈተችው በዚያ ብር ነው። ስለ እቁቡ እኔ ሰምቼ አላውቅም። አልዋሻችሁም፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነበር። የእናቴ እጅ ሙያ የቀረው እኔ ጋ ሳይሆን እሷ ጋ ነው።

በሳምንቱ እሁድ ቤት መጥታ ለቅሶ ደረሰችን። የእናቴን ፎቶ አቅፋ አለቀሰች። ከወር በኋላ ደግሞ ዛላ በርበሬ ዘርግፈን ሁለታችን ተቀመጥን። ብዙም ሳንቆይ ጣቶቼ እሳት ሆኑ፤ ሳላስብ ዓይኔን ነክቼ ተንጨረጨርኩ። እታለም ሳቀችና፣ «እትዬንም ያቃጥላቸው ነበር እኮ። እናንተ ስትገቡ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ይደብቁ ነበር እንጂ» አለችኝ።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ በርበሬ የእናቴን እጅ የማያቃጥል ይመስለኝ ነበር።

አሠራሩን አሁን ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር መደለዙን፣ ፀሐይ ላይ መሰጣቱን፣ ቅመሙን ማመሱን። መጠኑ ግን በእፍኝ ነው። የእታለም እፍኝ ደግሞ ከእናቴ እፍኝ የተማረ ነው። ስለዚህ ለዘንድሮውም አብረን እንቀመጣለን።

አንባብያን፣ እናታችሁ በሕይወት ካለች አብራችኋት ቀንጥሱ። ካረፈች ደግሞ በቤታችሁ ያለፉትን ሰዎች አስቡ፤ ሞግዚቷን፣ ተከራዩን፣ አብሯችሁ ያደገውን የጎረቤት ልጅ። እናንተ የማታውቁት የእናታችሁ ነገር እነሱ ጋ ይኖራል። ፈልጓቸው። ምናልባት መርዶውን እስካሁን አልሰሙ ይሆናል።