እንዝርቱን ያስጣለው ስልኩ ብቻ ነው?

«ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ስልካቸው ላይ ተደፍተው እየዋሉ ማን ይፍተል?» የምትለው ወቀሳ ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ፣ ከደብረ ሲና እስከ ደብረ ብርሃን ሰሚ አታጣም። ጋቢ ተወደደ ሲባል ስልክ ይወቀሳል። ጥልፍ የምታውቅ ልጅ ጠፋች ሲባል ቲክቶክ ይወቀሳል። ሸማኔው የሚተካው ልጅ ሲያጣም ጥፋተኛው ቴሌግራም ነው። ወቀሳው እውነት አለው። ችግሩ ሌሎቹ ተከሳሾች ችሎት ሳይቀርቡ ስልኩ ብቻውን መፈረድ መጀመሩ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ራሱ። ሌላው ዓለም ጨርቅ በጨርቅ ላይ ደርቦ፣ መሐሉን በጥጥ ሞልቶ፣ በመርፌ እየጠለፈ የሚሠራው ድርብ የመኝታ ልብስ አለው። እዚህ አገር ያ ሥራ በአብዛኛው የመርፌ ሳይሆን የመወርወሪያ ነው። ነጠላው ሁለት እጥፍ፣ ጋቢው አራት እጥፍ፣ ቡልኮው ከጋቢም የከበደ። ጥጥ የማይበቅልበት የመንዝ ደጋ ደግሞ ከበግ ጸጉር ባና ይሠራል። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር ዋሻ በኩል ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ከ2,700 ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ሙቀት ይገባል። በዚያ አንድ ቁልቁለት ውስጥ ባናውም ጋቢውም አለ። ቆላው ሽርጥ አገልድሞ ይውላል፤ ከባዱን ልብስ የሚፈልገው ደጋው ነው። ጋቢ እንግዲህ እዚያ አካባቢ ልብስ ብቻ ሳይሆን ንግድ ነበር ማለት ነው።

ንግዱም የትናንት አይደለም። ይፋት ከዘይላ ወደብ ወደ መሐል አገር የሚወጣው የሲራራ መንገድ የሚያልፍባት ሱልጣኔት ነበረች። በአካባቢው የሚኖሩት አርጎባዎች እስከ ዛሬ ስማቸው ሲነሳ ሁለት ሙያ አብሮ ይነሳል፤ ንግድና ሽመና። በሣህለ ሥላሴ ዘመን በአንኮበር ሥር ያለችው የአልዩ አምባ ገበያ የሐረር ነጋዴዎች የሚራገፉባት ነበረች። ሸማ በዚያ ገበያ ላይ ባሕል ተብሎ የሚጎበኝ ነገር አልነበረም። እንጀራ ነበር።

አሁን ወደ ስልኩ። ጥጥ ጋቢ እስኪሆን ስንት እጅ እንደሚያልፍ ማስታወስ ያስፈልጋል። ይዳመጣል፣ ፍሬው ይወጣል። በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ከዚያ ትልቁ ሥራ ይመጣል፤ ፈትል። እንዝርቷ በጭን ላይ ተሽከርክራ ትለቀቃለች፣ ክሩ ይረዝማል፣ ይጠመጠማል፣ ልቃቂት ይሆናል። ሸማኔው ቀን ቆጥሮ ሸምኖ ይጨርሳል፤ ፈታይዋ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ትቆጥራለች። ይህ ሁሉ ጊዜ ከየት ይመጣ ነበር? ከሌላ ሥራ ትርፍራፊ ነው። ቡናው እስኪፈላ ይፈተላል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ይፈተላል። ጎረቤት ስታወራ ይፈተላል። ፈትል ሙሉ ቀን ጠይቆ አያውቅም፤ የሚጠይቀው የቀኑን ስንጥቅ ነው።

ስልክ የመጣው በዚያ ስንጥቅ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ነው መታየት ያለበት። ሬዲዮም በዘመኑ ጊዜ ያባክናል ተብሎ ተወቅሶ ነበር፤ ግን ሬዲዮ የሚወስደው ጆሮን ብቻ ነው። ድራማ እየሰሙ መፍተል ይቻላል፣ እንዲያውም ያምራል። ቴሌቪዥን ዓይንን ጨመረ፤ ልምድ ያላት ፈታይ ግን እንዝርቷን ሳታይ ታሾራለች። ስልክ ከሁለቱ የሚለየው ጣትን መውሰዱ ነው። አውራ ጣት ቪዲዮ እየገፋ ክር ሊያከር አይችልም። አምስት ደቂቃ በምትሆን ክፍተት ውስጥ ጆሮ፣ ዓይንና ጣት አንድ ላይ ከተያዙ ለእንዝርት የሚተርፍ የለም።

ሌላም አለ፤ ይኼኛው ረቀቅ ይላል። የእጅ ሥራ ቪዲዮ የሚያዩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የኪሮሽ አሠራር፣ የጥልፍ አጣጣል፣ የትራስ ልብስ ጠርዝ አወጣጥ፣ ሁሉም በነፃ አለ። ድሮ አንዲት ልጅ አንድ የዳንቴል ዓይነት ለመማር የጎረቤት ሴት ደጅ ትጠና ነበር፤ ዛሬ ሺህ ዓይነት በእጇ ነው። ችግሩ የሰው እጅ ሲሠራ ማየት ራሱ ያረካል። ሰላሳ ቪዲዮ አይታ አንድ ስፌት ያልሰፋች ልጅ የሠራች ያህል ተሰምቷት ትተኛለች። ቪዲዮው ደግሞ የተበጠሰውን ክር፣ ተፈትቶ እንደገና የተሠራውን መስመር፣ የደማውን ጣት ቆርጦ አውጥቶ በአርባ ሰከንድ ያለቀ ሥራ ነው የሚያሳያት። ራሷ ስትጀምር ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰነፍኩ ብላ ብትተወው ምን ይገርማል?

እስከዚህ ወቃሾቹ ልክ ናቸው።

ከዚህ ወዲያ ግን ሒሳቡ አይገጥምም። እንዝርቱ መውደቅ የጀመረው ስልክ ከመምጣቱ በፊት ነው። ዛሬ በእጅ በሚሸመን ልብስ ውስጥ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ ለፈታይዋ እጅ የቀረው ማጉ ብቻ ነው። ይህ የሆነው ማንም ቲክቶክ ሳያውቅ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ሲቋቋም ለባናው ከባድ ተፎካካሪ መጣበት፤ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ባለአበባ ፖሊስተር ብርድ ልብስ ሁሉንም በርካሽነቱ ቀደማቸው። በአዲስ አበባ መርካቶና ሽሮ ሜዳ የጥበብ ንድፍ ታትሞበት የሚሸጠው የማሽን ጨርቅም ስልክ የፈጠረው አይደለም። አንድ ሴት ወር የምትፈትለው ክር ስንት እንደሚሸጥ የምታውቅ ልጅ እንዝርት ባትይዝ ስንፍና ነው ማለት ይከብዳል። አርቲሜቲክ ነው።

ለመሆኑ ስልኩ ሲጠፋስ ምን ሆነ? በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ትኩረት የሚሰርቀው ነገር ቢሆን ኖሮ ገዳዩ፣ ያ ጊዜ ለእንዝርት የትንሣኤ ዘመን መሆን ነበረበት። እንዳልሆነ የሚያስረዳ ጥናት አያስፈልግም፤ የዚያን ጊዜ መንገድ ማስታወስ ይበቃል። መኪና ሲቆም ጥጥ አይመጣም፣ ጋቢም አይወጣም። ከዚያ በፊትም ይፋት አላረፈም። አጣዬ በ2013 ዓ.ም ሚያዝያ ገደማ ተቃጥላለች፤ ሸዋ ሮቢት በ2014 ዓ.ም ኅዳር የጦር ግንባር ሆናለች። ከቤቱ የሸሸ ቤተሰብ የሽመና ዕቃ ተሸክሞ አይሸሽም። መቃና መወርወሪያ እንደ ስልክ ኪስ ውስጥ አይገቡም፤ ልጅ ታዝሎ፣ ስልክ ተይዞ ነው የሚወጣው። በዚያ ሌሊት የዘመድ ድምፅ ያሰማው ያው የሚወቀሰው ስልክ ነው።

ሦስተኛውን ተከሳሽ ደግሞ ማንም መጥራት አይወድም፤ ንቀት። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ እየተሰደበ የኖረበት አገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ለማውጣት የተገደዱት ስድቡ ምን ያህል ሥር ቢሰድ ነው? አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ ቀነሰው እንጂ ከጋብቻ ጭውውት አላወጣውም። ለሽማግሌ ጋቢ ማልበስ ክብር ነው፤ ጋቢውን የሠራው ሰው ልጅ እንዲህ የሚባል ሙያ እንዳለው በክፍል ውስጥ ለመናገር ያፍራል። ልጁ ስልኩ ውስጥ ሌላ ሰው ለመሆን ቢፈልግ ማን ነው የገፋው?

እንግዲህ ስልኩን ከእጅ መንጠቅ መፍትሔ አይሆንም፤ የማይሆን ነገር ላይ ጉልበት ማባከን ነው። ይልቅ ስልኩ ለሙያው የሚከፍለው ዕዳ አለበት። የጋቢ ዋጋ ከሸማኔው ቤት እስከ አዲስ አበባ ሱቅ ሲደርስ በየእጁ የሚጨምረው መሐል ላይ ባለ ነጋዴ ነው። አንድ የሸዋ ሮቢት ሸማኔ ሥራውን ፎቶ አንስቶ፣ በቴሌግራም ለጥፎ፣ ብሩን በቴሌብር ተቀብሎ፣ ዕቃውን በደሴ መንገድ አውቶቡስ ቢልከው ሰንሰለቱ በግማሽ ያጥራል። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን አባትዬው አይደለም፤ ያ «ስልኩ ላይ ተደፍቶ ይውላል» የሚባለው ልጅ ነው። አባት ይሸምን፣ ልጅ ይሽጥ። የሚሸጠውን ዕቃ ድርና ማግ ሳያውቅ መሸጥ ስለማይችልም ሳይወድ በግዱ ይማራል።

ጊዜውም ክፉ አይደለም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ብርድ ልብስ እንደ ድሮው በርካሽ አይገኝም። ከውጭ የሚመጣው ባለቀለም ክርም እንዲሁ ተወዷል፤ የእጅ ፈትል ማግ ግን ዶላር አይጠይቅም። ይህ ክፍተት ለዘላለም አይቆይም፣ አንድ ፋብሪካ ይደፍነዋል።

እስከዚያው አንድ ነገር ከገዢው ይጀምራል። ለመጪው ሠርግ ወይም ለአባቱ ጋቢ የሚገዛ ሰው ስለ ጥበቡ ቀለም ብቻ ባይጠይቅ ጥሩ ነው። ማጉ የእጅ ፈትል ነው ወይ ብሎ ይጠይቅ፤ ነው ከተባለም ፈታይዋ ስንት ተከፈላት ይበል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ሻጩ ቶሎ ይመልሳል። ለሁለተኛው ብዙዎቹ ዝም ይላሉ።